ባሕር ዛፍ በባሕር ላይ፦ የቅንጦት ጀልባ ውስጠኛ ክፍል ለምን እንደዚያ ይሠራል?

ባለፈው ጥቅምት፣ ከካራ አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው የእንጨት ሥራ ወርክሾፓችን አንዲት ደንበኛ መጣች። ቤቷን እየጨረሰች ነው፤ ግንባታው አልቆ ፊኒሺንግ ላይ ደርሳለች። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ አንድ ሳሎን አሳየችንና «ልክ እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩልኝ» አለች። ፎቶው በእርግጥ ያምራል። ግድግዳው ከወለል እስከ ኮርኒስ ጭስ የነካው የመሰለ ቡናማ እንጨት ለብሷል፤ የእንጨቱ መስመር ከአንዱ ፓኔል ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ ሹል ጥግ የሚባል ነገር የለም፤ አንድም ብሎን አይታይም። ዋና አናጢያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን በሁለት ጣታቸው እያሰፉ ብዙ ቆዩበት። ከዚያም የጠረጴዛውን ዳር በጥፍራቸው እየጠቆሙ «ይህች ከንፈር ምንድን ናት?» አሉ። እውነትም የጠረጴዛው ዙሪያ እንደ ትሪ ከፍ ያለ ነው። መሳቢያዎቹ እጀታ የላቸውም፤ በየመሐላቸው የሳንቲም መጠን ያላት ክብ መጫኛ ብቻ አለች። ኮርኒሱም ለዚያን ያህል ሰፊ ሳሎን በጣም ዝቅ ይላል። ጋሼ ስልኩን መለሱና «ልጄ፣ ይህ ቤት አይደለም» አሏት።

አልነበረም። ከፎቶው ሥር የተጻፈውን መግለጫ ስናነበው፣ ሳሎኑ በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የአንድ የቅንጦት ጀልባ፣ ማለትም የያት፣ ሳሎን ሆኖ ተገኘ። ይበልጥ ያስገረመን ግን ግድግዳውን ያለበሰው እንጨት ስም ነው፤ «የታጠነ ባሕር ዛፍ» ይላል። በዚያች ሰዓት የወርክሾፓችንን ቆርቆሮ የተሸከመው ማገር፣ ግቢው የታጠረበት አጣና፣ ከበራችን ፊት ለግንባታ መወጣጫ ተከምሮ የሚሸጠው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነበር።

ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጦ ስለ ያት መጻፍ ለአንዳንዱ ሰው ትርፍ ነገር ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ የእነዚህ ጀልባዎች ፎቶ በየስልኩ ገብቶ የሳሎንና የመኝታ ቤት አርአያ ከሆነ ቆይቷል፤ እኛም በየወሩ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው እናስተናግዳለን። በፎቶው ላይ ለዓይን ብቻ የተሠራ የሚመስለው ነገር ሁሉ፣ ዝቅተኛው ኮርኒስም ሆነ ያቺ የጠረጴዛ ከንፈር፣ በእውነቱ ለሌላ ጌታ ያደረ ነው፤ ለክብደት፣ ለማዕበል፣ ለእሳት፣ ለድምፅና ለመርከብ ሕግ። ይህን ሳያውቁ መልኩን ብቻ መቅዳት ዋጋ ያስከፍላል።

የሕጉ ቁጥሮች ክፍሉን ይወስናሉ

ያት የሚለው ቃል ከደች ቋንቋ የመጣ ሲሆን መነሻው ማሳደድና ማደን ከሚለው ቃል ነው፤ በጥንት ጊዜ የተሰየመባቸውም ቀላልና ፈጣን መርከቦች ነበሩ። ዛሬ ግን ለባለቤቱ ወይም ለተከራዩ መዝናኛ ተብሎ የሚሠራን ጀልባ ያመለክታል። መጠኑ እጅግ ይለያያል፤ በጀርመኑ ሉርሰን የመርከብ መሥሪያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የተረከበው «አዛም» 180 ሜትር ይረዝማል፤ 105 ሜትር ከሚሆነው የእግር ኳስ ሜዳ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

የውስጡን ዲዛይን ለመረዳት ከርዝመቱ ይልቅ ሌሎች ቁጥሮች ይጠቅማሉ። አንደኛው 12 ነው። ከ12 በላይ መንገደኛ የሚጭን መርከብ፣ በባሕር ላይ የሰውን ሕይወት ደኅንነት ለመጠበቅ በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የመንገደኞች መርከብ ተብሎ ስለሚቆጠር፣ እጅግ የከበዱ ግዴታዎች ይከተሉታል። ስለዚህ እኛ አገር ቢሆን ሆቴል የሚሆን 60 ሜትር ያት ብዙውን ጊዜ የሚይዘው አምስት ወይም ስድስት የእንግዳ መኝታ ክፍል ብቻ ነው። ፎቶው ላይ የምናየው የሳሎን ስፋት ከፊሉ ከባለቤቱ ሀብት፣ ከፊሉ ደግሞ ከዚህ ቁጥር የመጣ ነው፤ እንግዳ መጨመር ካልተቻለ ቦታው ወደ ክፍሉ ይሄዳል።

ሌላው ጠቅላላ ቶኔጅ የሚባለው ነው። ስሙ ክብደት ስለሚመስል፣ በኩንታልና በቶን ሲለካ የኖረን ሰው በቀላሉ ያሳስታል፤ የሚለካው ግን በመርከቡ ውስጥ የተዘጋው ቦታ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቶኔጅ ልኬት ስምምነት ባወጣው ቀመር መሠረት፣ የተዘጋው ቦታ ሁሉ በሜትር ኩብ ይለካና ከስፋቱ ጋር ትንሽ በትንሽ በሚያድግ ማባዣ ይባዛል። ውጤቱ 500 ሲደርስ ደንቡ በብዙ መልኩ ይከብዳል። በዚህ ምክንያት በገበያው ላይ ልካቸው 499 የሆኑ ያቶች ብዙ ናቸው፤ ቀመሩን ወደ ኋላ ሠርተን ብናየው 499 ማለት ወደ 1,900 ሜትር ኩብ የሚጠጋ የተዘጋ ቦታ ነው። ጎኑ ክፍት የሆነ የውጭ ሰገነት በአብዛኛው ከሂሳቡ ስለማይገባ ዲዛይነሩ የምግብ ጠረጴዛውን፣ መቀመጫውንና መጠጥ መቅጃውን ወደዚያ ያወጣዋል። ግብር የሚጠየቅበትን ካሬ ሳይነካ በረንዳውን የሚያሰፋ ባለቤት በእኛም ሰፈር አለና ዘዴው እንግዳ አይሆንብንም።

ኮርኒሱ ዝቅ ማለቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በሁለት ደርቦች መካከል ያለው ከፍታ በብረቱ ተወስኗል፤ ከዚያ ላይ ማገሩ፣ የእሳትና የድምፅ መከላከያው፣ የአየር ማቀዝቀዣው ቱቦ፣ የውሃው ቧንቧና የኤሌክትሪኩ ሽቦ ተራ በተራ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ለሰው የሚተርፈው ከሁለት ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው። በኮርኒሱ ዙሪያ ተደብቆ ወደ ላይ የሚያበራው መብራት፣ የሚያብረቀርቀው ቀለም፣ በየቦታው የተሰካው መስታወት፣ ይህን ጉድለት ከዓይን ለመሰወር የተፈለሰፉ ናቸው። ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ሳሎን ያላት ደንበኛችን ግን ኮርኒሱን በጂፕሰም አውርደን ልክ እንደ ፎቶው እንድናደርግላት ነበር የጠየቀችን።

እብነ በረዱ ምን ያህል ይመዝናል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ሜትር ኩብ እብነ በረድ ወደ 2,700 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እኛ ቤት እንደምናደርገው 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ብናነጥፍ አንዱ ካሬ ሜትር 54 ኪሎ ይሆናል። የአንድ መታጠቢያ ቤት ወለልና ግድግዳ 30 ካሬ ሜትር ቢሆን 1,620 ኪሎ፣ ስድስት መታጠቢያ ቤት ቢኖር ወደ 97 ኩንታል መጣ ማለት ነው። በአስፋልት ላይ ይህ የአንድ መኪና ጭነት ነው። ለጀልባ ግን ችግሩ ጭነቱ ያለበት ከፍታ ነው።

ገለባ ቆልሎ የጫነ ኢሱዙ ኩርባ ላይ ሲታጠፍ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ክብደቱ ከላይ በሆነ ቁጥር የስበት ማዕከሉ ከፍ ይላል፤ ጀልባዋም አንዴ ካዘነበለች የመመለስ አቅሟ ይደክማል። ለዚህ ሲባል ነው ብዙዎቹ ትልልቅ ያቶች የታችኛው አካላቸው ከብረት፣ የላይኛው ፎቅ ደግሞ ከአሉሚኒየም የሚሠራው። መርከብ መሥሪያዎች ግንባታው ሊያልቅ ሲል የማዘንበል ፈተና የሚባል ያካሂዳሉ። በጸጥተኛ ውሃ ላይ፣ ክብደቱ ቀድሞ የታወቀ ጭነት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እያዛወሩ፣ ጀልባዋ ስንት ዲግሪ እንዳጋደለች በቱንቢ ወይም በመሣሪያ ይለካሉ፤ ከዚያም የስበት ማዕከሉ በትክክል የት እንዳለ ያሰላሉ። የውስጥ ዲዛይነሩ በየሳምንቱ ሲሻሻል የኖረው የክብደት መዝገብ እውነት ይሁን ሐሰት የሚገለጠው በዚያች ቀን ነው። ባለቤቱ በመጨረሻ ሰዓት ላይኛው ፎቅ ላይ ፒያኖ ይግባልኝ ቢል፣ ከሌላ ቦታ ምን እንደሚነሣ መጠየቁ አይቀርም።

እብነ በረዱ ታዲያ እንዴት ይገባል? እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ እጅግ የምወደው ዘዴ ይህ ነው። ሰሌዳው በሁለቱም ፊቱ ላይ የማር እንጀራ በመሰለ፣ ባዶ ባዶ ቀዳዳ ባለው የአሉሚኒየም ፓኔል ይጣበቃል። ሙጫው ከደረቀ በኋላ ድንጋዩ በመሐሉ በቀጭን መጋዝ እንደ ዳቦ ለሁለት ይሰነጠቃል። አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ድንጋይ የለበሱ ሁለት ቀላል ፓኔሎች ይገኛሉ፤ እንደ መጽሐፍ ሲገለጡም የድንጋዩ የደም ሥር አንዱ የሌላው ነጸብራቅ ይሆናል። ያ 54 ኪሎ የነበረው ካሬ ሜትር የድንጋዩ ድርሻ ወደ 13.5 ኪሎ ይወርዳል፤ ከጀርባው ያለው አሉሚኒየም የሚጨምርበት ጥቂት ነው። በጣት አንኳኩቶ የሚያዳምጥ ሰው ብቻ ልዩነቱን ያውቃል፤ ጥርት ያለው የድንጋይ ድምፅ የለም።

እንጨቱም እንደዚሁ ነው። የያት ግድግዳ ከጣውላ አይሠራም፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ቬኒር፣ ማለትም ከግንድ በስሱ የተላጠ እንጨት፣ በዚያው የማር እንጀራ ፓኔል ወይም በቀላል ኮምፔንሳቶ ላይ ይለበጣል። ሥራው ላይ ጥንቃቄ የሚሹት ሰዎች ለመላው ጀልባ የሚበቃ ቬኒር ከአንድ ግንድ ወይም ከተመሳሳይ ግንዶች ያስልጣሉ፤ እያንዳንዱ ቅጠል ቁጥር ተሰጥቶት በተላጠበት ቅደም ተከተል ይቀመጣል፤ ፎቶው ላይ መስመሩ ሳይቋረጥ የሚፈስሰውም በዚህ ነው። ከዚያው ግንድ የተረፈው ደግሞ ወደፊት አንድ ፓኔል ቢጎዳ ለጥገና ተብሎ በመጋዘን ይቆያል።

የባሕር ዛፉ ነገር ከዚህ ጋር ይመጣል። ከአውስትራሊያ የመነጨውና በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው ይህ ዛፍ፣ ስሙን ያገኘው ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ነው፤ አሁን ደግሞ በቬኒር መልክ ባሕር ላይ ተመልሶ ሲንሳፈፍ አየነው። ማጠን የሚሉት ሥራ የቬኒሩን ቅጠሎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለአሞኒያ ትነት ማጋለጥ ነው። አሞኒያው በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ተዋሕዶ ያጠቁረዋል፤ ቀለሙ እስከ ውስጥ ስለሚዘልቅ እንደ ቫርኒሽ ከላይ ተቀብቶ የሚፋቅ አይደለም። ለምን የእኛው ባሕር ዛፍ ይህን አልሆነም ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ አጭር ነው፤ እኛ የምንተክለው ለአጣናና ለማገዶ ስለሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይቆረጣል፣ ለቬኒር ግን ወፍራም፣ ያልተጣመመና ሲደርቅ የማይሰነጠቅ ግንድ ያስፈልጋል። የቆዩት ወፋፍራም ግንዶች ደግሞ እንጦጦም ሆነ ሱሉልታ ላይ አሁን ብዙ አይገኙም።

ውሃ ራሱ የክብደት ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ግማሽ ድረስ የተሞላ ጀሪካን ተሸክሞ የሄደ ሰው፣ ከሞላው ይልቅ ጎዶሎው እንደሚያንገዳግደው ያውቃል፤ ውሃው በየእርምጃው ወደ ዘነበለበት ይሮጣልና። በመርከብ ላይም ማንኛውም ሙሉ ያልሆነ ገንዳ ወይም ታንክ ይህንኑ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተረከበው «ዲልባር» የተባለው 156 ሜትር ያት በውስጡ 25 ሜትር የመዋኛ ገንዳ ይዟል፤ 180 ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 180 ቶን። እንዲህ ያለ ገንዳ የሚታቀደው ከውበቱ በፊት ውሃው በማዕበል ጊዜ ወዴት፣ በስንት ደቂቃ ይወርዳል የሚለው ተመልሶ ነው። የግሪኩ ባለ መርከብ አሪስቶትል ኦናሲስ የካናዳን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ «ክርስቲና» ሲያስለውጥ፣ በሞዛይክ ያጌጠው የገንዳው ወለል ከፍ ብሎ የዳንስ መድረክ እንዲሆን አድርጎ ነበር።

ለማዕበል የተሠራ ዕቃ

የጠረጴዛዋ ከንፈር ሥራ ሳህንና ብርጭቆ ተንሸራትቶ እንዳይወድቅ መያዝ ነው። በመሳቢያው መሐል ያለችው ክብ መጫኛም ቁልፍ ናት፤ ስትጫን ትወጣና እጀታ ትሆናለች፣ ተመልሳ ስትገባ ትቆልፋለች፤ እጀታ ቢኖር ጀልባዋ ስትናወጥ የሚያልፍ ሰው ጎን ይወጋ ነበር። ጥጎቹ የከበቡትም ለዚያው ነው፤ ሰው መጋጨቱ ስለማይቀር። ወንበሩ ከበድ ይላል ወይም ከወለሉ ጋር ይያያዛል፤ የጠረጴዛ መብራቱ ከሥሩ በብሎን ይታሰራል። አልጋው አብዛኛውን ጊዜ በጀልባዋ ርዝመት አቅጣጫ ይዘረጋል፤ በወርድ ቢሆን፣ ጀልባዋ ወደ ጎን በተወዛወዘች ቁጥር የተኛው ሰው ራሱና እግሩ ተራ በተራ ወደ ታች ይወርዳሉ።

በጎን የሚወጡ ክንፎችና በፍጥነት የሚሽከረከሩ ከባድ መንኮራኩሮች መወዛወዝን እየቀነሱት ስለመጡ፣ የዛሬ ዲዛይነሮች ከቀድሞው ይልቅ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ያስገባሉ፤ ፎቶዎቹ የተራ ቤት መስለው የሚያሳስቱንም ስለዚህ ነው። ያም ሆኖ ጀልባዋ መልሕቅ ከማንሳቷ በፊት የቤት ውስጥ ሠራተኞቹ ሳሎን ለሳሎን ይዞራሉ፤ የአበባ ማስቀመጫውን በፎጣ ጠቅልለው ያስተኛሉ፣ ቅርጻ ቅርጹን ከመደርደሪያው ጋር በሰም ያጣብቃሉ፣ ብርጭቆውን በየቀዳዳው ያስገባሉ። ፎቶ የሚነሣው ጀልባዋ ወደብ ላይ ቆማ ነው።

ብረቱም ራሱ ይተጣጠፋል። ረጅም ቀፎ፣ ማለትም የጀልባዋ የብረት አካል፣ በማዕበል ላይ ሲያልፍ መሐሉ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ከግድግዳ ጋር በአንድነት የተመታ እንጨት ቢሆን ወይ ይጮኻል ወይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በፓኔልና በፓኔል መካከል ቀጭን ጥቁር ክፍተት ይተዋል፤ ተመልካች ጌጥ ነው የሚለው ያ መስመር መተንፈሻ ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው አልተደነቁም። በነሐሴ አልዘጋ ያለ በር በጥር እንዴት ብርሃን እንደሚያስገባ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንጨት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ያት ላይ ይህን ለመከላከል የአየር ማቀዝቀዣው ሌሊትና ቀን የእርጥበቱን መጠን ይጠብቃል፤ እኛ ያለን መከላከያ ያው ክፍተቱ ነው።

እሳትና ድምፅ

መርከብ ላይ እሳት ሲነሣ ወጥቶ መሸሻ የለም። ስለዚህ ሕጉ ከሁሉም በላይ የሚጨክነው እዚህ ላይ ነው። «ኤ-60» የሚባለው ግድግዳ በአንድ በኩሉ በመደበኛ ምድጃ ፈተና ለ60 ደቂቃ ሲነድ፣ በሌላው በኩል ያለው ሙቀት በአማካይ ከ140 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መጨመር የለበትም። አሉሚኒየም ደግሞ ከብረት ቀድሞ ጉልበቱን ስለሚያጣ ተጨማሪ መከላከያ ይለብሳል።

በመንገደኞች መርከብ ላይ ለግድግዳና ለኮርኒስ ልባስ የሚውል ተቀጣጣይ ነገር በአንድ ካሬ ሜትር ከ45 ሜጋጁል በላይ ሙቀት ሊያወጣ አይፈቀድለትም። ቁጥሩ ለአናጢ ምን እንደሚል እንየው። አንድ ኪሎ እንጨት ሲቃጠል ወደ 18 ሜጋጁል ይሰጣል። 0.6 ሚሊ ሜትር ቬኒር በካሬ 400 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ወደ ሰባት ሜጋጁል ያወጣል፤ ያልፋል። እኛ በየቀኑ የምንቆርጠው 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጭኖ የሚሠራ ሰሌዳ) ግን በካሬ ከ13 ኪሎ በላይ ስለሆነ ወደ 240 ሜጋጁል ይደርሳል፤ ከተፈቀደው አምስት እጥፍ በላይ ነው። እንጨቱን ያቀጠነው እንግዲህ ክብደት ብቻ አልነበረም። የሶፋው ጨርቅና ስፖንጅም በሚጨስ ሲጋራና በትንሽ ነበልባል ተፈትኖ ነው የሚገባው።

ድምፅን በተመለከተ፣ ጄኔሬተር ጎረቤቱ ያለው የከተማችን ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በያት ላይ ጄኔሬተሩ ጎረቤት ሳይሆን ከወለሉ ሥር ነው፣ አይጠፋምም። ስለዚህ ወለሉ በጎማና በድንጋይ ሱፍ ላይ ይንሳፈፋል፤ የግድግዳው ፓኔልም በጎማ መያዣ ላይ ይሰካል፤ ክፍሉ በሙሉ ብረቱን የማይነካ ሌላ ሳጥን ሆኖ በብረቱ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል ማለት ይቻላል። አንድ አናጢ ረስቶ አንዲት ረጅም ብሎን ከፓኔሉ እስከ ብረቱ ቢመታ ንዝረቱ በእርሷ በኩል ይገባል።

ከፓኔሉ ጀርባ

ያት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፓኔል መነቀል አለበት። ከጀርባው ቧንቧ፣ ሽቦ፣ የአየር ማቀዝቀዣ ሳጥን አለ፤ ብልሽት ቢመጣ ደግሞ ጀልባዋ ከየብስ የራቀች ልትሆን ትችላለች። በመሆኑም ፓኔሉ በስውር መቆንጠጫ ይያዛል፤ የሚያውቅ ሰው በተወሰነ ቦታ ገፋ አድርጎ ያነሣዋል፤ የማያውቅ ግን ግድግዳ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት የቤቴ ቧንቧ ከሴራሚኩ ጀርባ ሲፈነዳ፣ የተጠራው ባለሙያ ፍሳሹ ያለበትን ለማግኘት ግማሽ ግድግዳ በመዶሻ አፍርሶ፣ በመጨረሻ ቧንቧው በሌላው ግድግዳ በኩል መሆኑ ታወቀ። የሴራሚኩን ቀለም የሚመስል እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ከያት አንድ ነገር ብቻ ወደ አዲስ አበባ ይምጣ ብባል ይህን ተነቃይ ፓኔል እመርጥ ነበር።

ከፓኔሉ ጀርባ የሚኖረው ቧንቧ ብቻም አይደለም። በ60 ሜትር ያት ላይ የሠራተኞቹ ቁጥር ከእንግዶቹ ብዙውን ጊዜ ይበልጣል፤ ግን በፎቶ አይታዩም። እንደ እኛ ግቢ ሰርቪስ ቤት፣ የራሳቸው ደረጃ፣ የራሳቸው ኮሪደርና የራሳቸው መመገቢያ አላቸው፤ ቡናው ከታች ካለው ኩሽና በትንሽ ሊፍት ወጥቶ በስውር በር ይቀርባል። የመኝታ ክፍላቸው ሲጠብ ሲጠብ መሄዱን ለመግታት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈጻሚ የሆነው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ዝቅተኛውን ልክ ወስኗል፤ የክፍሉ ከፍታ ከ203 ሳንቲ ሜትር፣ አልጋው በውስጥ ልኩ ከ198 በ80 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ይላል። የሰርቪስ ቤት አልጋ ልክ በሕግ የተጻፈበት ሌላ ቦታ እኔ አላጋጠመኝም።

ሥራው በአንድ እጅ የሚያልቅ አይደለም። በዚህ ሙያ ስሙ ከፍ ብሎ የሚነሣው፣ ሲድኒ ተወልዶ ለንደን የሠራው ጆን ባነንበርግ (1929–2002)፣ ውጩንና ውስጡን አንድ ዲዛይነር አብሮ ሊስለው ይገባል የሚለውን አካሄድ ካስለመዱት ዋነኛው ነው። ዛሬ ትልልቆቹ ጀልባዎች በአብዛኛው በኔዘርላንድስ፣ በጀርመንና በጣሊያን ሲሠሩ፣ የውስጥ እንጨት ሥራው ግን ለሌላ ድርጅት ይሰጣል። ከእነዚህ አንዱ፣ ሊስት የተባለው፣ የሚገኘው እንደ እኛ የባሕር በር በሌላት በኦስትሪያ ነው። ክፍሉ በወርክሾፕ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይቆማል፤ በሩ ተከፍቶ ይዘጋል፣ ቬኒሩ መስመሩን መያዙ ይታያል፤ ከዚያ ቁጥር በቁጥር ተፈትቶ በመኪና ይሄድና በመርከቡ ውስጥ ዳግመኛ ይገጠማል። መርከብ ላይ አንድም ትክክለኛ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለማይገኝ ልኩ የሚወሰደው በሌዘር ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ እኛ ባሕር የለንም ብለን የተቀመጥነው ለምንድን ነው?» ብለው ሳቁ።

ደንበኛዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰች፤ ይህን ሁሉ ባጭሩ ነገርናት። ኮርኒሱ ባለበት ከፍታ ይቆይ ተባለ። እብነ በረዱ 20 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተስማማን፤ ቤቷ አታጋድልም፣ የቀጭኑ ዋጋ ደግሞ ከወፍራሙ ይብሳል። ግድግዳው በኮምፔንሳቶ ላይ ቬኒር ይለበጣል፣ በየፓኔሉ መካከል ለክረምቱ ክፍተት ይተዋል፤ ከመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ፊት ያለው ፓኔል ያለ መዶሻ ይነቀላል። የጠረጴዛውን ከንፈር ልንተወው ስንል ግን እንቢ አለች።

«ለገጣፎ ላይ ሳህኑን ምን ሊያንሸራትተው ነው ልጄ?» አሏት ጋሼ።

«ምንም አያንሸራትተውም ጋሼ፤ ግን ታምራለች።»

ጋሼ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው በካርቶኑ ላይ «ከንፈር፣ ስምንት ሚሊ» ብለው ጻፉ።